ስም ያወጣሁላት ኮከብ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ገጽ አሥራ አራት ላይ አባዬ ናቸው። ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ከዘራቸውን ይዘው ፎቶ ተነሥተዋል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ሸህ ይመር፣ መርሳ አካባቢ የሚኖሩ አዛውንት። ይህችን ኮከብ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሀዋ እንላታለን ይላሉ።»

ወላሂ ውሸት ነው። ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እዚሁ መርሳ፣ የተከራየሁት ቤት ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጬ። ሀዋ የእህቴ ስም ነው።

 ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ዛሬ በሻይ ሰዓት ዳይሬክተሩ መምህራን ክፍል ገብቶ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ሰማይ በሀብሩ አባቶች ዓይን» ይላል ሽፋኑ፤ ሀብሩ ወረዳችን ነው። አዘጋጅ፦ ሐያት። የእኔዋ ሐያት! አራት ዓመት አንድ ቤት የኖርን፣ እኔ ፊዚክስ እሷ ጂኦግራፊ ስናስተምር የከረምን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ወልድያ የቅርስ ጥናት የሚሠራ አንድ ማኅበር ውስጥ የገባችው። «የጓደኛሽ ሥራ ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ ዳይሬክተሩ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ሻዬን እስክጨርስ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ገለጥኩት። ደብተሬ ነው። አምና «ለማስተማሪያ ይሆነኛል» ብላ ተውሳኝ የመለሰችልኝ፣ ስድስት ዓመት ማታ ማታ የጻፍኩት ደብተር። በጦርነቱ ጊዜ ማሽላ ጆንያ ውስጥ ደብቄ ያተረፍኩት። ሥዕሎቹ ሳይቀሩ የእኔ ናቸው፤ አንዱ ላይ ያረፈው የአውራ ጣቴ አሻራ እንኳን አብሮ ታትሟል።

ደብተሩ ስለ አንድ ኅብረ ከዋክብት ብቻ ነው፣ ስለ ካሲዮፒያ። በዚህ ወር ከመግሪብ ሶላት በኋላ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ሰው ከተራራው በላይ አምስት ኮከቦች ጠማማ መስመር ሠርተው ያያል። ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንግሥት ናት ይላሉ። ማኅበሩ የወደዳት ለዚህ ይመስለኛል።

የእኔ የሆነውን በእርሳስ እያሰመርኩ ሄድኩ፦

– «ሁለት ዓይን»። ከአምስቱ አንዷ ከሆነችው ከሩክባ ኮከብ አጠገብ ያለ የከዋክብት ዘለላ። ሁለቱ ደማቆች አልጋ ሥር እንደተደበቀች ድመት ስለሚያፈጡብኝ ነው እንዲያ ያልኩት።

– «የፈሰሰ ጤፍ»። ሌላ ዘለላ ነው፣ መቶ ምናምን ኮከብ ደቆ አንድ ብናኝ የሚመስል። አከራዬ በረንዳው ላይ ጤፍ ያፈሰሰች ቀን ያወጣሁት ስም።

– «ባዶው ወንበር»። ከአራት መቶ ዓመት በፊት አንድ ኮከብ እዚያ ቦታ ፈንድቶ በቀን ሁሉ ይታይ ነበር ይባላል። ከዚያ ጠፋ። አሁን በባይነኩላር ብፈልግ ምንም የለም። እኔ ግን ቦታውን ሁልጊዜ አየዋለሁ።

– ሀዋ።

በመጽሐፉ ውስጥ ይህ ሁሉ የአባቶች ሆኗል። «በመኸር ወቅት የሚፈሰውን እህል ለማስታወስ አባቶች የፈሰሰ ጤፍ አሉት» ይላል። በምን ዓይናቸው? ያለ ባይነኩላር አይታይም እኮ! አንድ ሰው እንኳን ይህን አልጠየቀም? ስለ ሀዋ ደግሞ፦ «አባቶች በሰው ዘር ሁሉ እናት በሀዋ ስም ሰየሟት።»

የመጨረሻው ገጽ ላይ ምስጋና አለ። «ባይነኩላር ስላዋሱን ለመምህርት ፋጡማ ይመር።» ባይነኩላር!

ጀርባው ላይ፦ ይህ ናሙና ነው፤ ቅዳሜ ወልድያ ይመረቃል፤ አስተያየት ያለው እስከ ሰኞ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ከዚያ በብዛት ታትሞ በወረዳው ላሉ ትምህርት ቤቶች ይበተናል። ስለዚህ አንድ ሳምንት አለኝ።

1፡30 ማታ። ሀዋና ጎረቤቷ ሰድር በድምቀት እኩል ናቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ እኔ ነኝ የደፈረስኩት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ሐያት ሁለቴ ስደውል አላነሳችም። በሦስተኛው አነሳች። «ፋጤ!» አለችኝ፣ በዚያ ሁልጊዜ በሚያስቀኝ ድምጿ። አልሳቅኩም።

ሌባ አልኳት። እንደዚያ ብዬ ልጀምር አላሰብኩም ነበር፣ ግን አመለጠኝ። አልተቆጣችም። ይሄ ነው ያናደደኝ፣ እንደ ታናሽ እህቷ ታስረዳኝ ጀመር። «ፋጤ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ የፊዚክስ መምህርት ያወጣችው ስም ቅርስ አይባልም። ሀገር በቀል ካልተባለ ማንም አያትመውም። ደብተርሽ ሣጥን ውስጥ ምስጥ ከሚበላው በአባቶች ስም ቢወጣ ምን አለበት?» አለችኝ።

«ሀዋስ?» አልኳት።

እሷም፦ «አባትሽን ጠይቄያቸው ነው። አዎ ብለዋል። ድምፃቸው በስልኬ አለ።»

እሷ ታውቃለች። ከሰው ሁሉ እሷ ታውቃለች። ለራሴም ቢሆን አንዴ በደንብ ልጻፈው።

የዛሬ አምስት ዓመት ሀዋ «ሐራ ከተማ የጓደኛዬ ሰርግ አለ» አለችን። እንሶስላውን ወቅጬ እጇን ያሞቅኋት እኔ ነኝ። እስከ አንጓዋ ድረስ ቀላ፣ ደስ አላት፣ እጇን እያገላበጠች ስታይ አመሸች። በማግስቱ ሄደች። ሰርግ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ከጅቡቲ ደወለች፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደግሞ ከጅዳ። ከዚያ በየጁምዓው ትደውል ጀመር። ከዚያ ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደረሰና ስልክ ለወራት ጠፋ። መስመሩ ሲመለስ የእሷ ቁጥር አይሠራም። አራት ዓመት ሆነ። ታስራ ይሁን፣ ታማ ይሁን፣ ስልኳን ቀምተዋት ይሁን አናውቅም። ሌላውን አልጽፈውም።

ልጆች ሳለን አባዬ ከኪታብ ያነበቡልን ነገር ነበር። ዐረቦች እነዚህን አምስት ኮከቦች «አል ከፍ አል ኸዲብ» ይሏቸዋል፣ ቀለም የሞቀ መዳፍ ማለት ነው። ይህን በደብተሬ መጀመሪያ ገጽ ላይ «ከአባቴ ከሸህ ይመር የሰማሁት» ብዬ ጽፌዋለሁ። የእሳቸውን የእሳቸው ብያለሁ። ከአምስቱ ሦስቱ የዐረብ ስም አላቸው፦ ከፍ መዳፍ ነው፣ ሰድር ደረት፣ ሩክባ ጉልበት። መሐከለኛዋ ግን ከደማቆቹ አንዷ ሆና ሳለ በኪታቡ ስም የላትም። ጠባይዋም ልዩ ነው። ሳይታሰብ ትደምቃለች፣ ሳይታሰብ ትፈዛለች፣ መቼ እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በየማታው ከሰድርና ከከፍ ጋር እያስተያየሁ የምጽፈው ለዚህ ነው። ሀዋ ያልኳትም ለዚህ ነው።

ያን ማታ ሐያት ጨለማ የለመደ ዓይናችን እንዳይጭበረበር በቀይ ላስቲክ የሸፈንነውን ባትሪ ይዛልኝ ነበር። ስነግራት አብራኝ አለቀሰች። አሁን ያቺን ልጅ የሰው ዘር እናት አደረገቻት።

ሀዋ ከከፍ ትንሽ ትበልጣለች። ደመና የለም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ከሰዓት በኋላ ክፍል ስላልነበረኝ አባዬ ጋ ሄድኩ። እስከ ወንዙ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር።

አውድማ ላይ አገኘኋቸው፣ ማሽላ እየተወቃ ነው። ገለባ ጺማቸው ላይ ተሰግስጓል። «ምነው ልጄ፣ ያለ ቀንሽ?» አሉ። ጉልበታቸውን ስሜ መጽሐፉን ገልጬ ሰጠኋቸው። ፎቷቸውን አራቁት፣ አቀረቡት፣ ብዙ አዩት።

«አርጅቻለሁ» አሉ።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፣ ዋጥኩት። «አባዬ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ነው ብለዋል እኮ።»

«ብያለሁ።»

«ስሙን እኔ እንዳወጣሁት ያውቃሉ። እዚህ ግቢ ቆመን አሳይቼዎታለሁ።»

«አውቃለሁ።»

እንዲህ ቀለል አድርገው። እኔ ደግሞ ሐያት ቃላቸውን ጠምዝዛባቸው ይሆናል፣ አልሰሟትም ይሆናል፣ ጆሯቸውም ደክሟል እያልኩ መንገዱን ሙሉ ሰበብ ስፈልግላቸው ነው የመጣሁት።

አስቀመጡኝ። ያሉትን እንዳለ ለመጻፍ እሞክራለሁ። «ያቺ ልጅ መጥታ ስለ ሀዋ ይንገሩኝ አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሀዋ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰው ይፈራል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ስሟን ዘሎ ነው የሚያወራኝ። እሷ ግን ጠየቀችኝ። እኔም አሰብኩት። የፋጡማ ወሬ ከሆነ ከፋጡማ ጋር ያልቃል። ከጥንት የነበረ ስም ከሆነ ግን እኔም ሞቼ አንቺም ሞተሽ ይኖራል። አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ።»

አብሽሪ ማለት ይቀላል። «ሸህ ሆነው ይዋሻሉ?» አልኳቸው። ወላሂ ይህን አልኳቸው፣ ማሽላ የሚወቁት ሰዎች እየሰሙ።  ገለባውን ከጺማቸው ላይ አንድ በአንድ ለቀም አድርገው ተነሡና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ። ሐያት ሰረቀችኝ፤ ሌባ ይገባኛል። የአባዬን ግን ምን ብዬ ልጥራው? ሲጠይቋቸው አዎ አሉ፣ በቃ። ያሉት በፍቅር ነው፣ እሱም ገብቶኛል፣ ስለገባኝ ግን አልቀለለኝም።

ዛሬ ወደ ሰማይ አላየሁም። ደብተሩ ላይ «አልታየም» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣልኝ። ማኅተም ያለው! «በምረቃው ዕለት ከእነ ባይነኩላርዎ ተገኝተው ለእንግዶች ሰማዩን እንዲያሳዩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ዳይሬክተሩ ፈቅዷል፣ እንዲያውም ኩራት ተሰምቶታል።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የመጽሐፉ ወሬ ቀድሞኝ ገብቷል። «ቲቸር፣ የሀዋ ትርጉም ለፈተና ይመጣል?» አሉኝ። ትርጉሙ ምንድን ነው ብላቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የሰው ዘር እናት!» አለ። አልተቆጣሁም። ስለ ብርሃን ጉብጠት አስተማርኩ፣ ጠመኔው ሁለቴ ተሰበረብኝ።

ማታ የተቃውሞ ደብዳቤ ጀመርኩ። የምፈልገው፦

አንደኛ፣ ደብተሩ የእኔ መሆኑ ይጻፍ።
ሁለተኛ፣ አባቶች ያላዩትን አዩ አይባል።
ሦስተኛ፣ ሀዋ

ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። ምን ይሁን? ይውጣ? ይቅር? እውነቱን ከጻፍኩ አባዬ በመስጊዱም በገበያውም ውሸታም ይባላሉ። የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ፣ በተጣሉት በሁለቱም ወገን ቃላቸው የተከበረ ሰው ናቸው። ካልጻፍኩ ደግሞ በሀብሩ ያለ ልጅ ሁሉ እህቴን ሳያውቃት በስሟ ይፈተናል።

ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። አራተኛው ትራሴ ሥር አለ።

ሀዋ ከሰድር ትንሽ ታንሳለች። ዓይኔ ደክሞም ሊሆን ይችላል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ጁምዓ። ይህን ቀን አልወደውም። ከሶላት በኋላ ሁሉም ሰው ስልኩን የሚያይ ይመስለኛል፣ እኔም አየዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰዓት ስልኬን ባትሪው ሞልቶ ነው የምይዘው።

ደግ ነገር አንድ፦ ማታ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር እኔ በርጩማዬን ይዤ ወጣሁ። ጨረቃ የለችም፣ ሰማዩ ለብቻዬ የተዘረጋ ይመስላል። ከሩክባ አጠገብ፣ ከሁለት ዓይን ሌላ ያለችውን ትንሿን ዘለላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለያየኋት፤ ሦስት ማዕዘን ናት፣ ሦስት ኮከብ ቆጠርኩ፣ ቆይቼ አራተኛዋንም። ይህን ባይነኩላር የሰጠኝ አጎቴ ሲሪንቃ የሙከራ ማሳ ላይ ማሽላ የሚበሉ ወፎችን ይጠብቅበት ነበር። ቢያየኝ ይስቅ ነበር። የሰድርን ጫፍ ተከትዬ ትልቁን ጋላክሲም አየሁት፣ መስታወት ላይ የተነፈሱበት ይመስላል።

ለአንድ ሰዓት ያህል ሐያትን ረሳኋት። ከዚያ አራተኛዋን ኮከብ ለመንገር ስልኬን አነሣሁ፣ የመታሁት የሐያትን ቁጥር ነው። ሳይጠራ ዘጋሁት። አራት ዓመት የለመደ እጅ ነው፣ ምን ላድርገው?

ነገ እሄዳለሁ። ባይነኩላሩን ጠቅልያለሁ። ለመናገር ይሁን ዝም ለማለት ገና አልወሰንኩም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11፣ ወልድያ

ተናገርኩ። ሳይረሳኝ ልጻፈው፣ ደግሞ ሊረሳኝ የሚችል ይመስል።

ዝግጅቱ በአንድ አዳራሽ ግቢ ነበር። ንግግር፣ ጭብጨባ፣ ደግሞ ንግግር። አባዬ ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ መኪና ተልኮላቸው ነው የመጡት፣ ካባ ተደርቦላቸዋል። ረቡዕ ያልኳቸውን የረሱ ይመስል «በላሽ ወይ?» አሉኝ። ሐያት አዲስ ቀሚስ ለብሳ አቀፈችኝ፣ ሽቶዋ ያው የድሮው ነው። ሽቶዋን ሳሸት ማልቀስ አማረኝ።

ሲጨልም መብራቱን አስጠፋሁ። አረንጓዴ የጨረር መጠቆሚያ የያዘ ሰው ነበር፣ ሰላም በሌለበት በዚህ ጊዜ ወደ ሰማይ የሚለቀቅ ነገር ደግ አይደለም ብዬ ከለከልኩት። በአገዳ ጠቆምኩ። ሐያት ድምፅ ማጉያውን ይዛ «አሁን መምህርት ፋጡማ የአባቶቻችንን ሀዋ ታሳየናለች» አለች።

ከፍን አሳየሁ። ሰድርን፣ ሩክባን አሳየሁ። «እነዚህን ከኪታብ ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው» አልኩ። ከዚያ አገዳውን መሐል ላይ አድርጌ፦ «ይህች ግን ስም አልነበራትም። ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሀዋ እህቴ ናት። ጅዳ ከሄደች በኋላ ድምፅዋ ጠፍቶብናል፣ እየፈለግናት ነው» አልኩ።

 ቀለለኝ። ከዚያ አባዬ ብድግ አሉ። ማጉያ አላስፈለጋቸውም፣ የዱዓ ድምፃቸው ይበቃል።

«ልጄ ሐዘን ይዟት ነው፣ አትፍረዱባት» አሉ። «ኮከቧ ከጥንትም ሀዋ ናት። አባቴም እንዲሁ ሲላት ሰምቻለሁ።»

ሰው አጨበጨበ። ለእሳቸው። ረጅም ጭብጨባ ነበር። አንዲት ሴትዮ በጨለማው መጥታ ትከሻዬን ያዘችና «አላህ ያጽናሽ» አለችኝ። ሌላዋም ተከተለች። ሌላም። ማንም «እስኪ መቼ ጠፋች፣ የት ሰፈር ነበረች፣ ዘመድ አለኝ ልጠይቅልሽ» ያለኝ የለም። አጽናኑኝ፣ በቃ። መብራቱ በራ፣ ለስላሳ ዞረ።

ሐያት ባጠገቤ ስታልፍ «ምን ነበር ዝም ብትይ» አለችኝ፣ በቀስታ፣ ከልቧ አዝና። የከፋው እሱ ነው፣ ከልቧ ነው።

በዚህ ሰዓት ወደ መርሳ መኪና የለም፣ ማኅበሩ አልጋ ይዞልናል። የአባዬ ክፍል ከእኔ ቀጥሎ ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲያስሉ ይሰማኛል። ሄጄ ውኃ ልስጣቸው ወይ ብዬ ሁለቴ ተነሣሁ፣ ሁለቴ ተቀመጥኩ። አልሰጠኋቸውም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

አንድ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሌላ ቦታ አልነበረም። ካባውን በፌስታል ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል።  ሲሪንቃ ላይ አንድ ሰውዬ ብርቱካን በመስኮት ሲያሳየን አባዬ ሁለት ገዙ፣ አንዱን ልጠውልኝ ሰጡኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ አሁንም ይልጡልኛል። በላሁት፤ እንባዬ ከብርቱካኑ ጋር ገባ።

ከዚያ ተናገርኩ። ዝቅ ብዬ፣ ሰው እንዳይሰማ።

«አባዬ፣ ትናንት አላህ ያጽናሽ አሉኝ። ሰሙ?»

«ሰማሁ።»

«ቀበርናት እኮ። ከጥንት የነበረች ከሆነች ማንም አይፈልጋትም። የሰው ዘርን እናት ማን ይፈልጋል? አንቱ ስሟ እንዲኖር ብለው ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ስሟን አይደለም የምፈልገው፤ እሷን ነው።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ በኋላ መርሳ እስክንደርስ የብርቱካኑን ልጣጭ በጣታቸው ሲያሹ ነበር። ስንወርድ ፌስታሉን መኪናው ውስጥ ረስተውት ረዳቱ ጮኾ መለሰላቸው። ደህና ዋይ ብለው በእግራቸው ወደ መንደር ሄዱ። ሳልሸኛቸው ቀረሁ፤ ደጋግሜ ግን ወደ ኋላ አየሁ።

ማታ አራተኛውን ወረቀት ከትራሴ ሥር አውጥቼ ጨረስኩት። ሦስተኛው ላይ እንዲህ አልኩ፦ «ስለ መሐከለኛዋ ኮከብ የተሰጠው የቃል ምስክርነት በስህተት የተወሰደ ስለሆነ ይታረም።» በስህተት። ለማንም የማይጎረብጥ ቃል ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የሐያትን አጻጻፍ መሰለኝ።

ደመና ነበር። ምንም አልታየም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። በእረፍት ሰዓት ደብዳቤውን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ልልከው ስል የበሩ ዘበኛ ጠራኝ። አባዬ ቆመዋል። ከዘራ፣ ጥምጣም፣ ጫማቸው ላይ አቧራ። በእግራቸው ነው የመጡት።

«ወረቀቱን ጻፍሽው?» አሉ። ሰላምታ እንኳን ሳይቀድም።

ከአጥሩ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አንብቢልኝ አሉኝ፣ አነበብኩላቸው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«በስህተት አይደለም» አሉ። «ሸህ ይመር ዋሸ ብለሽ ጻፊ።»

«አባዬ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ይበል። እኔ ለሰው ብዬ ነው የዋሸሁት? ለሷ ብዬ ነው። አሁንም ለሷ ብለሽ ጻፊ።»

አልጻፍኩም። እስክጽፍ ጠበቁ። ትናንት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም አሉ፣ ያቺ አላህ ያጽናሽ የምትል ቃል ጆሮዬ ውስጥ አደረች አሉ። ከዚያ ጠየቁኝ። «መጽሐፉ ለልጆች ነው የሚሰጠው አይደል? በየትምህርት ቤቱ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ጻፊው። የስንቱ ልጅ እህት ጅዳ ናት? የስንቱ እናት? አንዷ ስታነብ ታውቃት ይሆናል። የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከየት ቀዬ እንደወጣች፣ መቼ ድምፅዋ እንደጠፋ ጻፊ። በኮከቧ ሥር ጻፊው።»

ጻፍኩ። አርፍዶ ደወል ተደወለ፣ ክፍል ነበረኝ፣ አልሄድኩም። ሀዋ ይመር፣ ከመርሳ በታች ካለው ቀበሌ፣ የሸህ ይመር ልጅ፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። ዕድሜ፣ ሃያ አንድ። ጨርሼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው።

«ሃያ አንድ አይደለም» አሉ።

«ስትሄድ ሃያ አንድ ነበረች አባዬ።»

«አሁን ሃያ ስድስት ሆናለች። የሃያ አንድ ዓመቷን ሲፈልጉ እሷን እንዳያልፏት።»

አስተካከልኩት። ስማቸውን በዐረብኛ ፈረሙበት፣ እኔም ፈረምኩ። 8 ሰዓት ላይ ለሐያትም ለማኅበሩም ላክሁት። ሐያት ከፍታ አይታዋለች፣ እስካሁን አልመለሰችልኝም።